«ጋዝ አልቋል» ከመባሉ በፊት፦ ሞቃት አየር ለሚነፋ የመኪና ኤሲ የትኛው መፍትሔ ይሻላል?

መጋቢት ሲገባ ባሕር ዳር ላይ ሁለት ነገር አይቀርም፤ አስፋልቱ ላይ የሚንቀለቀል ሙቀትና «ኤሲዬ ሙቅ አየር ይነፋል» የሚል ሰው። ክረምቱን በዝናቡ፣ ጥቅምትና ኅዳርን በቅዝቃዜው ተረስቶ የከረመው ቁልፍ በአንድ ቀትር ይጫናል፤ የሚወጣው ግን አቧራ አቧራ የሚሸት ትኩስ ንፋስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የታወቀ ነው። ጋራዥ ይኬዳል፣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ባለሙያው ምንም ሳይነካ «ጋዝ አልቋል» ይላል፣ ይሞላል፣ ይከፈላል። ሁለት ወር ይበርዳል። ከዚያ እንደገና ይሞቃል።

እኔ በዚህ መንገድ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ያለችኝ አሮጌ ኮሮላ ናት፤ ሰው ወደ ጎንደርና ከዓባይ በረሃ ማዶ አመላልስባታለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ ብጠይቅ፣ «ጋሼ፣ ጋዙ እኮ እንደ ቤንዚን ነው፤ በሠራ ቁጥር ያልቃል» የሚል መልስ አገኘሁ። ይህ ስሕተት ነው፤ ውድ ስሕተትም ነው። የኤሲ ጋዝ አይቃጠልም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየተጨመቀ፣ ፈሳሽ እየሆነ፣ ተመልሶ እየተነነ ይዞራል። ደህና ሁኔታ ላይ ያለ መኪና በዓመት የሚያጣው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከጎደለ በአንድ በኩል ወጥቷል ማለት ነው፤ የወጣበት ቦታ ካልተደፈነ ደግሞ አዲሱም በዚያው ይወጣል።

ከዚህ በታች ምርጫዎቹን ሳነጻጽር ዋጋ በብር አልጽፍም፤ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያስቃል። መለኪያዬ «አንድ ሙሌት» ነው። አንድ ጥገና የስንት ሙሌት ዋጋ ያስወጣል? ስንት ሙሌትስ ያድናል? በዚህ ስሌት የማይመለስ ጥያቄ ብዙም አልገጠመኝም።

በመጀመሪያ እጅና ጆሮ

ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት ለመኪናው ሩብ ሰዓት ይስጡት። ጥላ ሥር ያቁሙት፤ መስኮቶቹን ከፍተው የታፈነውን ሙቀት ያስወጡ። ሞተሩን አስነሥተው ኤሲውን መጨረሻው ቅዝቃዜ ላይ፣ ማራገቢያውን ከፍተኛው ላይ ያድርጉ፤ ከውጭ የሚገባውን አየር ዘግተው የውስጡ እንዲዞር ያድርጉ። ተራ የወጥ ቤት ቴርሞሜትር መካከለኛው የአየር መውጫ ላይ ይሰኩ። ደህና የሆነ ኤሲ ቴርሞሜትሩ ላይ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሳያል። 15 ላይ የሚቆም ደክሟል። ከውጭው አየር ጋር እኩል የሆነው ጨርሶ እየሠራ አይደለም። ንፋሱ ቀዝቃዛ ሆኖ ኃይል ብቻ ካጣ ግን ወደ ጋራዥ አይሂዱ፤ በብዙ የቶዮታ መኪናዎች ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ኪስ ኋላ የተቀመጠውን የአየር ማጣሪያ አውጥተው ይዩት። በአቧራማ መንገድ የከረመ ማጣሪያ እንደ ድሪቶ ይሆናል።

ቀጥሎ ኮፈኑን ይክፈቱና አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ የኤሲውን ቁልፍ እንዲጫን ያድርጉ። ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ፊት ላይ ያለው ሳህን «ቀጭ» ብሎ በቺንጋ ከሚዞረው ፑሌ ጋር መዞር ከጀመረ፣ ሁለቱን የሚያያይዘው ማግኔቲክ ክላች ይሠራል። ካልዞረ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፣ ወይ ጋዙ እጅግ ጎድሎ የግፊት ስዊቹ ኮምፕሬሰሩ እንዳይነሣ ከልክሎታል። ስዊቹ የሚከለክለው ለመኪናው ብሎ ነው፤ ዘይቱ የሚዞረው ከጋዙ ጋር ስለሆነ ጋዝ የሌለው ኮምፕሬሰር ደርቆ ይነክሳል። ስለዚህ ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ «እንሞክረው» የሚል ሰው ከመጣ መኪናዎን ይዘው ይውጡ። ፊውዙን፣ የድሮ መካኒኮች ቫልቮላ የሚሉትን፣ ግን ራስዎ ማየት ይችላሉ። ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋውን ሪሌም እዚያው ሳጥን ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር፣ ለምሳሌ ከጥሩምባው ጋር፣ ቀያይሮ መሞከር ምንም አያስወጣም። አንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ክላች የሌለውና ሁልጊዜ የሚዞር ኮምፕሬሰር ስላላቸው በእነሱ ላይ ይህ ፈተና አይሠራም።

ክላቹ ከያዘ፣ ከቺንጋውና ከማራገቢያው እጅዎን አርቀው፣ ሁለቱን የአሉሚኒየም ቧንቧዎች ይዳስሱ። ወፍራሙ ቀዝቅዞ ላብ ማውጣት፣ ቀጭኑ መሞቅ አለበት። ሁለቱም ለብ ካሉ ጋዝ ጎድሏል ወይም ኮምፕሬሰሩ አይጨምቅም። ወፍራሙ በደንብ ቀዝቅዞ ውስጥ ያለው ንፋስ ሙቅ ከሆነስ? ያኔ ጋዙ ምንም ጥፋት የለበትም። ዳሽቦርዱ ሥር ሙቁንና ቀዝቃዛውን አየር የሚያቀላቅለው ትንሽ በር ተጣብቋል፣ ወይም እሱን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ተበላሽቷል። ለዚህች በር ብልሽት ሁለት ጊዜ ጋዝ የተሞላለት ሰው አውቃለሁ።

የሚሞቅበት ሰዓት ደግሞ ብዙ ይናገራል። ሲሄድ በርዶ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ ጥርጣሬው የጋለውን ጋዝ በሚያቀዘቅዘው ኮንደንሰርና በእሱ ማራገቢያ ላይ ይውደቅ። ድሮ አሮጌው የዓባይ ድልድይ ላይ ሰልፍ ይዞን ስንቆም ይህ ችግር ራሱን ያጋልጥ ነበር፤ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ያቺ ነጻ ምርመራ ቀረችብን። ግማሽ ሰዓት በርዶ የሚሞቅ ከሆነ ክላቹን ይዩ። መዞር አቁሞ ከሆነ በሳህኑና በፑሌው መካከል ያለው ክፍተት በመበላቱ ሰፍቷል፤ ክፍተቱ ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ መሆን ሲገባው ከሰፋ፣ የጋለው የክላቹ ማግኔት ጥቅል ሽቦ ሳህኑን መሳብ ያቅተዋል። ይህን ለማስተካከል ጋዙን ማስወጣት አያስፈልግም፤ ከሳህኑ ሥር ያለችውን ስስ ቀለበት ማውጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ክላቹ እየዞረ ሞቆ፣ ዐሥር ደቂቃ ሲያርፍ ተመልሶ ከበረደ ግን በጋዙ ውስጥ እርጥበት አለ፤ ጋዙ በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍበት ኤክስፓንሽን ቫልቭ ላይ በረዶ ሆኖ መንገዱን ይዘጋል።

አንድ የማያስደነግጥ ሙቀትም አለ። የዓባይን በረሃ ወርደው ወደ ደጀን ሲወጡ ኤሲው ድንገት ከሞቀ፣ ሞተሩ ስለጋለ ኮምፒውተሩ ራሱ ኮምፕሬሰሩን አቋርጦት ይሆናል። ሜዳው ላይ ከተመለሰ ኤሲው ምንም አልሆነም። መታየት ያለበት ራዲያተሩ ነው።

ጋዝ መሙላት ብቻ ወይስ የሚያፈስበትን መድፈን?

ለዚህ ምርጫ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነው፦ ያለፈው ሙሌት ስንት ጊዜ ቆየ?

ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ ሙሌት ብቻ ይበቃል፤ አሮጌ መኪና በጎሚኒዎቹ (በመገጣጠሚያ ላስቲኮቹ) በኩል በጥቂቱ ይተነፍሳል፣ ለእሱ ዳሽቦርድ ማፍረስ ተገቢ አይደለም። አንድ ወቅት ቆይቶ ካለቀ ቀዳዳው ትንሽ ነው፤ ማስፈለጉ ያዋጣል፣ ምክንያቱም በሁለት ዓመት ውስጥ የአራት ሙሌት ዋጋ ያድናል። በሳምንት ካለቀ ደግሞ ሳያስደፍኑ አንድ ግራም አያስሞሉ። በአየር ላይ ብር እንደ መበተን ነው። ለአካባቢም ደግ አይደለም፤ በብዙ መኪናዎች ኤሲ ውስጥ ያለው አር-134ኤ የተባለው ጋዝ አንድ ኪሎው በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1400 ጊዜ በላይ ሙቀት የሚይዝ ነው።

ቀዳዳውን የመፈለጊያው ዘዴም ምርጫ አለው፤ ጋራዦች የሚለያዩትም በዚህ ነው። ከሁሉ ርካሹ ዓይን ነው። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ፣ አቧራ የለጠፈበት ቅባታም መገጣጠሚያ ካዩ ግማሹን ሥራ ጨርሰዋል። የሳሙና አረፋ ትልቁን ቀዳዳ ያሳያል፣ ትንሹን አያሳይም። ቀለም ጨምሮ በአልትራቫዮሌት መብራት መፈለግ ለትንሹ ጥሩ ነው፤ ግን ጥቂት ቀን መንዳት ይጠይቃል፣ ዳሽቦርድ ውስጥ የተሸሸገውን፣ አየሩን የሚያቀዘቅዘውን ኢቫፖሬተርም በቀጥታ አያሳይም። ለኢቫፖሬተር የሚሻለው አየር መውጫው ላይ የሚያሸት ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። እኔ ከሁሉ የማምነው ግን ባዶውን ሲስተም በናይትሮጅን ወጥሮ ጌጁ ይወርድ እንደሆነ መጠበቅን ነው። በጎማ መንፊያ የሚወጥር አለ፤ አይፍቀዱ። የጎማ መንፊያ አየር እርጥበት ይዞ ይገባል፤ ከዚህም በላይ ቀሪው ጋዝ በግፊት ከአየር ጋር ሲቀላቀል ሊቀጣጠል ይችላል።

የእኔ ኮሮላ ሕመም በመጨረሻ የተገኘው በዓይን ነው። ኮንደንሰሩ መግቢያ ላይ ያለች አንዲት ጎሚኒ ደርቃ ተሰንጥቃ ነበር፤ ዋጋዋ ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። ሦስት ሙሌት በእሷ በኩል ወደ ጣና ሰማይ ወጥቷል። አዲስ ሲገጠም ለኤሲ ጋዝ የተሠራው ጎሚኒ፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ የሆነው፣ መሆኑን ይዩ፤ ተራው ቶሎ ያብጥና ይሰነጠቃል። «ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ» ያለበት ቆርቆሮ የሚሸጥልዎ ካለ ደግሞ አመስግነው ይለፉ። የደፈነውን ሳይለይ ኤክስፓንሽን ቫልቩንም ይደፍናል።

ጌጅ፣ ሚዛንና የባሕር ዳር 24 ኢንች

ሁለት ዓይነት ሙሌት አለ። አንዱ በግፊት የሚሞላው ነው፤ ጌጁ እየታየ «ይበቃል» እስኪባል ድረስ። ሌላው በክብደት የሚሞላው ነው፤ ሲስተሙ ባዶ ተደርጎ፣ አየሩ በፓምፕ ተስቦ (ቫኪዩም ተደርጎ)፣ ኮፈኑ ሥር ያለው ስቲከር የሚለው ግራም በሚዛን ይገባል። ለትናንሽ አውቶሞቢሎች አብዛኛውን ጊዜ ከ400 እስከ 600 ግራም ነው፤ ከኋላም ኤሲ ያለው ሚኒባስ ከዚያ በላይ ይወስዳል። እኔ ምንም ሳላመነታ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ጌጅ የሚያሳየው የጋዙን መጠን ሳይሆን የቀኑን ሙቀት ነው። ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ አር-134ኤ በ25 ዲግሪ 82 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ያሳያል፤ ግማሽም ቢሆን፣ ሙሉም ቢሆን። ስለዚህ «80 አለው፣ ሙሉ ነው» የሚባለው አነጋገር ዋጋ የለውም። ሞተሩ እየሠራ የሚታየው ግፊት ይሻላል፤ ዝቅተኛው ከ25 እስከ 45፣ ከፍተኛው እንደ ሙቀቱ ከ150 እስከ 250 ፒኤስአይ ገደማ ይጠበቃል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ ጎድሏል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ከመጠን በላይ ተሞልቷል ወይም ኮንደንሰሩ አይተነፍስም። ዝቅተኛው ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ ብለው ከተቀራረቡ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል። ባለሙያው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ቁጥር የማያሳይ ሰው ኮምፕሬሰር ለውጥ ቢል አይመኑት።

ቫኪዩሙን በተመለከተ ከተማችን የራሷ ጠባይ አላት። መጽሐፎች ጌጁ ወደ 29 ኢንች ሜርኩሪ እንዲወርድ ይላሉ፤ ያ ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ እዚህ ፍጹም ቫኪዩም እንኳ በጌጅ ላይ 24 ኢንች አካባቢ ይቆማል። ይህን ሳያውቅ «ፓምፑ ደክሟል» ብሎ የጣለ አለ፤ 20 ላይ ቆሞ «ባሕር ዳር እንዲህ ነው» የሚልም አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ቁጥሩ 24 ገደማ መድረስ፣ ግማሽ ሰዓት መሳብ፣ ፓምፑ ከተዘጋ በኋላም ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት። ቫኪዩሙ የሚሳበው አየር ለማስወጣት ብቻ አይደለም፤ ውሃው በመኪናው ሙቀት ፈልቶ እንዲወጣም ነው። ቫኪዩም ሳይሳብ የተሞላ ሲስተም ከላይ ያልኩትን በረዶ የሚሠራው ለዚህ ነው።

የጋዙ ዓይነትም ከስቲከሩ ይነበባል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተሠሩ መኪናዎች አር-12 ነበራቸው፤ ወደ አር-134ኤ ሲዞሩ ዘይቱ፣ እርጥበት የሚመጥጠው ድራየርና ጎሚኒዎቹ አብረው ይለወጣሉ። አዳዲሶቹ አር-1234ዋይኤፍ የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ መግቢያው የተለየ የሆነውም እንዳይደባለቅ ነው። የቤት ማብሰያ ጋዝ ወይም የማቀዝቀዣ ክፍሎች አር-22 የሚሞላ ካለ ግን ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል፤ አንደኛው ይቀጣጠላል፣ ሁለተኛው ግፊቱ ለመኪና ቧንቧ ከልክ በላይ ነው።

ኮምፕሬሰሩ ከሆነስ?

እዚህ ላይ ሒሳቡ የብዙ ሙሌት ዋጋ ስለሚሆን በጥድፊያ አይወሰንም። መጀመሪያ ድምፁን ይለዩ። ኤሲው ጠፍቶም የሚያጓራ ከሆነ ያለቀው የፑሌው ኩሽኔታ ነው፤ ኩሽኔታው ብቻ ይለወጣል። ኤሲው ሲበራ ብቻ የሚያንኳኳ ከሆነ ግን ሕመሙ ከውስጥ ነው።

ከውስጥ ለታመመ ሦስት መንገድ አለ። ፈትቶ ጎሚኒና የዘንግ ማኅተም መቀየር ፊት ለፊት ለሚያፈስ ጥሩ ነው፤ ብረቱ ለተበላ ግን ከንቱ ድካም ነው። ያገለገለ መግዛት በእኛ ከተማ የተለመደ ነው፤ እኔም ለአሮጌ መኪና እመርጠዋለሁ፣ ነገር ግን አፎቹ በክዳን ተዘግተው የተቀመጠውን ብቻ። አፉ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ኮምፕሬሰር እርጥበት ጠጥቷል። በእጅ ሲዞር ልስልስ ያለ፣ ጣት ሲገባ ዘይቱ ያልጠቆረ ይሁን። አዲሱ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ያብረቀርቃል፤ እኔ ግን ከደህና አሮጌ ዋና (ኦሪጅናል) ዕቃ አላስበልጠውም። አዲስ ዋና ዕቃ የሚያዋጣው መኪናዋን ከአምስት ዓመት በላይ ይዞ ለሚቆይ ሰው ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ ድራየሩ አብሮ ካልተለወጠና ቧንቧዎቹ ካልታጠቡ ገንዘቡ ጠፋ። የሞተው ኮምፕሬሰር የብረት ብናኝ በመላው ሲስተም ረጭቷል፤ ያ ብናኝ አዲሱን በጥቂት ወራት ይገድለዋል። ቀጫጭን መስመሮች ያሉት የዘመኑ ኮንደንሰር ደግሞ ታጥቦ ስለማይጠራ ብዙ ጊዜ መለወጥ አለበት።

ኮንደንሰሩ

ኮንደንሰሩ የታመመው በቆሻሻ ብቻ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። የሌሊት መንገድ ነፍሳት፣ የመኸር ገለባና አቧራ ሽፋኑን ይደፍኑታል። ከኋላ ወደ ፊት በዝግታ ውሃ ይታጠባል፤ የመኪና ማጠቢያ ከፍተኛ ግፊት ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። ሐይቁ ዳር አቁሞ በጣና ውሃ ማጠብ ግን ነውር ነው፤ ዘይቱን የሚጠጣው ዓሣው ነው። «የሐይቁ እርጥበት ኮንደንሰር ይበላል» የሚሉም አሉ፤ ጣና ግን ጨዋማ አይደለም፣ እንደ ባሕር ዳርቻ ከተሞች ብረት አይበላም። ይልቅ ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣ ያገለገለ ኮንደንሰር ሲገዙ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት እንደሌለው ይፈትሹ።

የኤሌክትሪክ መኪና ላላቸው

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። በእነዚህ ላይ ከማጣሪያው በቀር ምንም አይንኩ። ኮምፕሬሰሩ የሚዞረው በመቶዎች ቮልት ነው። ዘይቱም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዘይት ነው፤ ከተራ መኪና የተረፈ ዘይት ያለበት ጌጅ ቢሰካበት እንኳ የኤሌክትሪክ መከላከያው (ኢንሱሌሽኑ) ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ የሠለጠነ ባለሙያ አዲስ አበባ ድረስም ቢሆን መሄድ ያዋጣል።

ሳይሠሩ መተውም ምርጫ ነው

የከተማ ውስጥ ሥራ ብቻ ላለው፣ ጠዋትና ማታ ለሚነዳ ሰው የባሕር ዳር ሙቀት ሦስት ወር የሚታገሡት ነው፤ መስኮት ከፍቶ የሐይቁን ነፋስ መቀበል አያሳፍርም። ነገር ግን ጋዙ ካለቀ በኋላ ሲስተሙ ተከፍቶ ዓመታት ከከረመ እርጥበት ድራየሩን ይጨርሰዋል፤ ያኔ አንድ ሙሌት የነበረው ወጪ አምስት ይሆናል። ስለዚህ መተው ከፈለጉ እንኳ ጎሚኒዋን አስቀይረው፣ ጥቂት ጋዝ አስገብተው ይተዉት።

የሚሠራ ኤሲ ያለው ደግሞ በክረምትም በሳምንት ዐሥር ደቂቃ ያብራው፤ ዘይቱ ካልዞረ የኮምፕሬሰሩ የዘንግ ማኅተም ይደርቃል። እኔ እሑድ ጠዋት ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ስወጣ አበራዋለሁ። ዝናብ ሲሆን የመስታወቱን ጉም ይጠርግልኛል፤ ወርጄ ሳቆም ከመኪናዋ ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ አይቼ እገባለሁ።